ከስልኩ ጋር የመጡ ሰዎች

ልብስ ሰፊዋን ሞታ ያገኘቻት አከራይዋ ናት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የመብራት ቆጣሪ ልታነብ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ የበሩ ቁልፍ ከውጭ በኩል እንደተሰካ አየች። ተጣራች፤ መልስ የለም። ገፋ ስታደርገው በሩ ተከፈተ። እኔ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፣ «እኔ ምንም አልነካሁም፤ በጭራሽ አልነካሁም» እያለች ለወጣው ለወረደው ትምላለች።

ቤቱ አንዲት ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ መኪናው ላይ አንድ እጅጌው ብቻ የተገጠመ ሸሚዝ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የልጅ ሥዕል። ሴትዮዋ በመኪናውና በአልጋው መሀል ወድቃለች። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አለ። የእጅ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በሩ ከውስጥ ሦስት መቀርቀሪያ አለው፤ ሁለቱ ገና አዲስ ናቸው።

ሠላሳ ዓመት በፖሊስ የወንጀል ምርመራ ላይ ቆይቼ ይህን ለመረዳት ብዙ መፈላሰፍ አላስፈለገኝም። ቁልፉ ውጭ ነው፣ ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገና ስትገባ ነው የተያዘችው። ሰውየው ደረጃው ላይ ቆሞ ጠብቋት፣ በሩን ስትከፍት ከኋላዋ ገብቷል። ያ ሁሉ መቀርቀሪያ ታዲያ ምን ይሠራላታል! ከቤቱ የጠፋ ነገር ቢኖር ስልኳ ብቻ ነው።

እህቷ ነርስ ናት። ከሆስፒታል በሥራ ልብሷ እየሮጠች መጣች። አስከሬኑን ስታይ አልጮኸችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እሱ ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«ባሏ ነዋ፣ ሹፌሩ። ሁለት ጊዜ እጇን ሰብሯታል። ከሸሸችው ሁለት ዓመቷ ነው፤ አራት ቤት ቀይራለች። አንቺን ገድዬ ልጄን እወስዳለሁ ብሏት ነበር።»

«ልጅቷ የት ናት?»

«ትምህርት ቤት። እናቷ ጠዋት አድርሳት ነው የምትመለሰው። ወይኔ ሚጡ! ሰባት ዓመቷ ነው እኮ!»

«ይህን ቤት ማን ያውቃል?»

በጣቷ ቆጠረችልኝ። አንደኛ እሷ ራሷ፤ ሁለተኛ አከራይዋ፤ ሦስተኛ የሴቶች መጠለያው፣ ከባሏ ሸሽታ መጀመሪያ ያረፈችበትና እስካሁን ፋይሏን የሚይዘው ድርጅት። ከዚያ ወዲያ ማንም የለም። ጓደኛ እንኳ አልነበራትም፤ የሚሰፋውን የምታመጣላትም የተሰፋውን የምትወስድላትም ይህችው እህቷ ናት።

ገዳዩን ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው እናትየዋን ያገኘበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ነገ ልጅቷንም ያገኛታል። አለቃዬን ጠባቂ ስጠኝ ብለው «ለአንቺም የምሰጥሽ ሰው የለኝም፣ አይደለም ለልጅ» አለኝ።

«ልጅቷን አሁኑኑ ከትምህርት ቤት አውጫት» አልኳት ነርሷን። «እሱ የማያውቀው ሰው ቤት አስገቢያት። የት እንደሆነ በስልክ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእኔም ጭምር። ብቻ ጠዋት ጠዋት ፎቶዋን እያነሳሽ ላኪልኝ። ደህና መሆኗን በዓይኔ ልይ።»

በዘዴዬም ትንሽ ኮራሁ።

ሹፌሩ የሚሠራበት የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ግድግዳው በሙሉ የመኪኖቹን ቦታ የሚያሳይ ስክሪን ነው። አብሮኝ የሄደው የዲጂታል ምርመራ ባለሙያችን ነበር። ገና አርባ ሳይሞላው ፀጉሩ ስላለቀ ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይለዋል፤ አሥራ አምስት ዓመት የምበልጠው እኔም ሳልቀር።

«ይኸውላችሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ አንዲት ቀይ ነጥብ እየጠቆመ። «መኪናው ከአራት ቀን ጀምሮ እዚህ ነው። አራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ከዚህ። ጭነት እየጠበቀ ነው።»

«መኪናውስ እዚያ ነው። ሹፌሩስ?»

«መኪና ያለ ሹፌር ይሄዳል እንዴ?»

«ቆሟል እኮ ነው የሚሉኝ።»

ሳቀብኝ። ደወለ፤ የሹፌሩ ረዳት አነሳና «ጋቢና ውስጥ ተኝቷል፣ ትንሽ አሞታል» አለ። የዚያ ከተማ ፖሊስ ሄዶ እንዲያይልኝ ጠየቅሁ። «እናያለን» አሉኝ። «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለስንቱ ብያለሁ። ቀይዋ ነጥብ ግን ልቤን ከፈለችው። ማሽን ከሰው ይልቅ አይዋሽም በሚል አጉል እምነት፣ ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ፊቴን ወደ መጠለያው አዞርኩ።

የመጠለያው መዝገብ ያዥ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ስትናገር ድምጿን የማታነሳ ሴት ናት። ካምና ጀምሮ የወረቀት ፋይል ትተው ሁሉንም ክላውድ ላይ አስገብተውታል።

«እኔ ይህ ክላውድ የምትሉት ነገር አይገባኝም» አልኩት ጋሼን።

«የኪራይ መጋዘን በሉት፣ እትዬ። ዕቃዎን ቤትዎ ከማስቀመጥ ትልቅ መጋዘን ያስቀምጣሉ። ግንቡ ወፍራም ነው፣ ዘበኛ አለው። ከየትም ሆነው በቁልፍዎ ይገባሉ። እኔ መጋዘኑን አልፈራም፤ ቁልፉ ስንት ሰው እጅ እንዳለ ነው የምፈራው።»

ቁልፉ እዚህ አንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ማን፣ መቼ፣ ከየት ሆኖ እንደገባ የሚመዘግብ ዝርዝር አለ። ጋሼ ገለጠው። የልብስ ሰፊዋ ፋይል ግድያው ሊፈጸም ሦስት ቀን ሲቀረው ተከፍቷል። የከፈተችው መዝገብ ያዧ ናት።

«ለምን ከፈትሽው?»

«ደውላ ነበር። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ስልክ ቁጥር ቀይሪልኝ አለችኝ።»

«ስንት ጊዜ ሳይከፈት የቆየ ፋይል፣ ሰው ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ተከፈተ?»

«እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም።»

«እኔ ምን እንዳሰብኩ በምን አወቅሽ?»

ከቢሮዋ ይዣት ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የተጠለሉት ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ቆመው ያያሉ። አንዷ «እሷም?» ስትል ሰማሁ። እኔ ዞር ብዬም አላየሁ።

ሁለት ቀን አቆየኋት። ጋሼ በበኩሉ የስልክ ጥሪዎቿን፣ ኮምፒውተሯን፣ መጋዘኑን አንድ በአንድ ፈተሸ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን አስቀመጠና አናቱን ዳበሰ።

«እትዬ፣ ከዚያ ቤት አንድ ፊደል አልወጣም። ሟቿ ደውላላት እንደነበርም እውነት ነው። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።»

ለቀቅኳት። ድርጅቱ ግን ከሥራ አግዷታል፤ ከኮሪደሩ ሴቶች ሁለቱ በማግስቱ ጥለው ሄደዋል፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ አድራሻ ከአፌ አልወጣም» አለችኝ በር ላይ። «ለእናቴ እንኳ የት እንደምሠራ ነግሬያት አላውቅም። እርስዎ ግን በአንድ ጠዋት ጨረሱኝ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ስልኬ ጠራ። የዚያ ሩቅ ከተማ ፖሊስ ነበር፤ በመጨረሻ አይተውልኛል። ረዳቱ ሁለት ጥያቄ ሳይጠየቅ ሁሉንም ዘርግፏል። ሹፌሩ መኪናውን ካቆመ በኋላ፣ ግድያው ሊፈጸም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወደዚህ መጥቷል። ስልኩንም ለረዳቱ ትቶለት ሌላ ይዞ ነው የሄደው። ቀይዋ ነጥብ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ለራሴ።

አሁን ገዳዩን በእርግጥ አወቅን። ቀዳዳውን ግን አላወቅንም።

በአራተኛው ቀን ጋሼን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። የመጣው ይምጣ፣ ነርሷን እንደገና ልጠይቃት ነው። የዕረፍት ክፍላቸው ውስጥ እጇን እየታጠበች አገኘናት።

«ለማን ነገርሽ? አንድ ሰው፣ አንዲት ቃል። አስቢ።»

«ለማንም! ስንቴ ልማል? ሚጡንም ያስቀመጥኳት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ቤት ነው፣ እሱ በስሟም አያውቃትም። ይኸው የዛሬ ጠዋቷ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። «ለእርስዎም ልኬልዎታለሁ።»

ልጅቷ መስኮት ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን አሹላለች። የእናቷን ሞት ገና አልነገሯትም። አንጀቴን በላችው። ሌላ ፎቶዋን ልይ ብዬ በጣቴ ሳብ ሳደርገው የማላውቀው ሙሽራ ወጣ። ሳብ አደረግሁ፤ አንድ ሽማግሌ ከፍየል ጋር። ሳብ፤ የሆስፒታል ወረቀት፣ የሰው ስምና የሰው በሽታ ተጽፎበት።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ኧረ እነሱን ይተዋቸው። ከስልኩ ጋር የመጡ ናቸው።»

«እንዴት ከስልኩ ጋር?»

«ስልኩ ከተገዛ ጀምሮ ይመጣሉ። አዳዲስም ይጨምራሉ። በእህቴም ስልክ ላይ እነዚሁ ነበሩ። እንዲያውም ስም አውጥተንላቸው ነበር፤» ፈገግ አለች፣ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይሄን ሙሽራ ኩሩ ነው የምንለው። ሽማግሌው ደግሞ አባባ ፍየሌ። ፍየሏ ስትወልድ ደስ ብሎን ነበር።»

ጋሼ ስልኩን ከእጄ መንጨቅ ነው የቀረው። አንድ ሁለት ቦታ ነካ፣ ነካ አደረገ። 

«ኢሜይሉን ማን ከፈተልሽ?»

«የምን ኢሜይል? ባለሱቁ ነው ሁሉንም አስተካክሎ የሰጠን።»

«እትዬ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ይህ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ ወዲያው መጋዘን ይገባል። መጋዘኑ የጋራ ነው። በአንድ ቁልፍ ከሦስት መቶ በላይ ስልክ ገብቷል። አንዱ ያነሳውን ሁሉም ያያል።»

«ስልኩን ከዚያ ሱቅ ማን ገዛላችሁ?» አልኳት።

«እሱ ነዋ፣ ሹፌሩ፤ ደህና ሳሉ። ለእሷም ለእኔም። ለራሱ ግን ያችን ፎቶ የማታነሳ አሮጌ ስልኬን አልጥልም ይል ነበር...» አልጨረሰችውም። 

ፎቶውን መልሼ አየሁት። ከሚጡ ትከሻ በላይ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ አለ፤ ስሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከሱ ጎን የፎቁ ቁጥር። የተነሳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሁን አምስት ሰዓት ሆኗል። አንሺና ላኪልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ሳይረኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ ወይስ ጋሼ፣ እሱንም አላውቅም። የአዋላጅዋ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሮጊቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተሰነጠቀ ከንፈሯን በመሐረብ ይዛለች።

«አባቷ ነኝ አለ» አለች። «አላስገባም አልኩ። ገፈተረኝ። እሷ ግን... አባዬ ብላ ሮጣ ተጠመጠመችበት። ልጅ አይደለች? ምን ታውቃለች? ወደ እማዬ ልትወስደኝ ነው ወይ ስትለው ሰማኋት።»

ነርሷ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ በሥራ ላይ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባለሱቁ ወፍራም፣ ፈገግተኛ፣ ለሰው ሁሉ «እናቴ» «አባቴ» የሚል ሰው ነው። ምን እንዳጠፋ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

«እናቴ፣ እኔ ክፉ ያደረግሁት ምን አለ? ሰው ስልክ ገዝቶ ኢሜይል አለዎት ወይ ስለው ምንድነው ይለኛል። ወረፋ አለ። ለአንዱ ከፍቼ፣ ቁጥር ልኬ፣ መልስ ጠብቄ... መቼ ይደርሳል? አንድ ከፍቼ ለሁሉም አስገባላቸዋለሁ። በነፃ! ቦታው ሞልቷል ሲል እንኳ የሚከፈለውን ከኪሴ የምጨምረው እኔው ነኝ።»

«የሰው ፎቶ የሰው ስልክ ላይ ሲመጣ ደንበኛ አልጠየቀህም?»

«ይጠይቃሉ። ከስልኩ ጋር የመጣ ነው እላቸዋለሁ። ያምናሉ።»

«ይህንን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» የሹፌሩን ፎቶ ዘረጋሁለት።

«አዎ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእኔ ስልክ ገዛ። በማግስቱ ተመልሶ የማላውቃቸው ሰዎች ለምን ይመጡብኛል ብሎ ተቆጣ። እየሳበ ሲያሳየኝ አንዱ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት ከስፌት መኪና ጋር። ከመስኮቱ ማዶ የሚታየውን ጽሑፍ በጣቱ እያጎላ ብዙ አየው። ከዚያ ቁጣው ጠፋ፤ አመስግኖኝ ሄደ።»

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ ሮጦ መጣ። መጋዘኑ ውስጥ አዲስ ፎቶ ገብቷል። ሚጡ ዳቦ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ብቻ። መስኮት የለም፣ ጽሑፍ የለም፣ ጥላ እንኳ የለም። በሕይወት አለች። እሱም ምን ማሳየት እንደሌለበት ከእኛ ተምሯል።

«የት ሆኖ ነው?»

«ቦታ የሚናገረውን አጥፍቶታል።»

«የእሱን ስልክ ብቻ ትተን ሌላውን ሁሉ ማስወጣትስ?»

«የእሱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ እትዬ። ሱቁ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ነው። ካስወጣሁ ሁሉንም ነው።»

አለቃዬ «ፋይሉ የአንቺ ነው፣ ውሳኔውም የአንቺ ነው» ብሎ ገላገለ፣ ራሱን። እኔም መጋዘኑን ክፍት ትቼ ቁጭ አልኩ። ሌላ ፎቶ እስኪመጣ የሦስት መቶ ሰው ገመና ስመለከት እውላለሁ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ አወቅሁ። አንዳቸውም አይቺኝ አላሉኝም። አባባ ፍየሌ ፍየሏን ሸጧታል።

በስድስተኛው ቀን አንድ ፎቶ መጣ። አዲስ ቀለም የተቀባ በር፣ ቁጥሩ የሚነበብ። ቀጥሎ የኪራይ ውል፣ የሴት ስም ያለበት፣ ሠፈሩ ሳይቀር። ቀጥሎ ሁለት ሻንጣና ሁለት ጥንድ የልጅ ጫማ። ወንድ የለም፤ የወንድ ጫማም የለም። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሰው ቤት ይቀይራል። እኔ ግን ይህችም እንደ ልብስ ሰፊዋ የሸሸች ብትሆንስ አልኩ። እሷንስ አየኋት፤ ያላየኋቸውስ? ለሁሉም ብነግር ለእሱም መንገሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ እኔም እንደ ባለሱቁ ነኝ፤ እንዲያውም እብሳለሁ፤ እሱ አያውቅም ነበር።

ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ውዬ ማታ መውጫ ላይ ጋሼን «ዝጋው» አልኩት።

«ሚጡስ?»

«ዝጋው አልኩህ እኮ!» ብዬ ጮኽኩበት።

በማግስቱ ከባለሱቁ ደብተር ላይ እያየን ለሁሉም ደወልን። አብዛኛው ሰው የጠየቀን አንድ ነገር ነው፤ ፎቶዬ ጠፋ ወይ። ሙሽራው ሰደበን። ባለአዲሷ በር ቤት ግን እኔው ሄድኩ። የበሩን ሰንሰለት ሳትፈታ ትንሽ ከፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ማን ማን አየው?»

«አላውቅም፣ እህቴ።»

በሩን ዘጋችው። በሁለተኛው ቀን ተመልሼ ስሄድ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ምድጃው ላይ ድስት ትታለች።

ነርሷ ከዚያ ሁሉ በኋላ በየማለዳው ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ትል ነበር። በር ላይ ቆማ «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ትሄዳለች። ያን ሳምንት አንድ ሁለት ቀን እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ቁጭ በይ አልኳት።

«ዘግቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፎቶው የሚመጣበትን። ከእንግዲህ እሱም አያይም፣ እኛም አናይም።»

«ሌላ ፎቶ ቢነሳስ?»

«አይደርሰንም።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። እኔው ነኝ።»

ስለ በሩ፣ ስለ ሻንጣዎቹ፣ ስለ ጫማዎቹ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ዓይኗ ደም መስሏል፤ እንባ ግን የለም።

«ያቺ ሴት ልጆች አሏት?»

«ሁለት።»

 የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እኔ ብሆን አልዘጋውም ነበር» አለችኝ። «ሦስት መቶውም ሰው ቢያልቅ አልዘጋውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ተነስታ ወጣች። ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፎታል። ሹፌሩ አልተያዘም፣ ሚጡ አልተገኘችም። ነርሷም ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም። እኔ ግን ጠዋት እሷ ትመጣበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ እጄ ላይ ያለውን ሥራ ትቼ በሩን አያለሁ።